ቀዩ ካርቶን፣ ሰማያዊው ካርቶንና የእትዬ ዘሃራ ኮምፒውተር

ወረታ ላይ ሥራ የጀመርኩት ሚሌኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ ጋሽ ካሳ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይጠግኑባት በነበረች አንዲት ክፍል ነው። ባሕር ዳር ለጥቂት ወራት የኮምፒውተር ጥገና ተምሬ፣ የምስክር ወረቀቴን ይዤ ቀረብኩ። ጋሽ ካሳ ወረቀቱን ገልጠው እንኳ አላዩትም። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ወደ እኔ ገፋ አድርገው፣ «እስቲ ፈተህ ግጠመው፤ ብሎን እንዳይተርፍህ ብቻ» አሉኝ። ሁለት ብሎን ተረፈኝ። ቢሆንም ቀጠሩኝ።

ያኔ ለቤቱ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የየት አገር ሥራ ነው?» ብሎ ነበር። ጋሽ ካሳ ከሬዲዮ ዘመናቸው በቀረ ልማድ ለሁሉም «የጃፓን ነው» ይላሉ። እኔ ግን የተማርኩ ነኝና ስለ ማዘርቦርድ አስረዳለሁ። ሌላው ዕቃ ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ እሱ ነው፤ እሱ ከሞተ የቀረው ደህና ቢሆንም ኮምፒውተሩ አይነሳም። «ታዲያ የትኛው ይሻላል?» ሲሉኝ ማዘርቦርዱን በታሸገበት ካርቶን ቀለም ጠርቼ፣ ሳላመነታ «ቀዩ ካርቶን» እላለሁ። የፋብሪካዎቹን ስም እዚህ አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ኋላ ላይ ይገባችኋል። ቀዩን የመረጥኩት ያስተማረኝ ሰው ይወደው ስለነበር ነው። ሌላ ማስረጃ አልነበረኝም።

እትዬ ዘሃራ የባለሱቅ ሚስት ናቸው። በክረምት ኮሌጅ የሚማሩ መምህራን የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚያስተይቡበት አጥተው ባሕር ዳር ድረስ ሲመላለሱ አይተው፣ ሱቅ መቀመጡን ትተው በቤታቸው መተየብ ጀመሩ። ባለቤታቸው ነገሩን አልወደዱትም። «እስከ መስከረም እንየው፤ ካልሆነ ወደ ሱቅሽ ትመለሻለሽ» አሏቸው። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ኮምፒውተሩን ልገጥምላቸው የሄድኩ ቀን። እኔም በቀዩ ካርቶን ማልኩላቸው።

ቤታቸው ከሩዝ መፈልፈያው ጀርባ ነው። የገለባው ብናኝ በመስኮት ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ በዓይን ይታያል። ስወጣ ከበሩ ላይ ዞር ብዬ፣ «እትዬ፣ ይህን ኮምፒውተር አደራ፤ አቧራ እንዳያየው» አልኳቸው። ባለሙያ መስዬ በመናገሬ ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ቀዩ ሞተ። ከፍቼ ሳየው ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉት ካፓሲተሮች፣ ኃይል የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ጣሳ መሰል ዕቃዎች፣ አናታቸው አብጧል። ባሕር ዳር ወርጄ ሦስት ሱቅ ጠየቅኩ፤ ሦስቱም የተለያየ ነገር ነገሩኝ። እያንዳንዱ የሚያመሰግነው መደርደሪያው ላይ ያለውን ነው። ሰማያዊውን ይዤ ተመለስኩ።

ሰማያዊው ሰኔ ላይ ሞተ፤ ያበጠውም እዚያው ቦታ ነው። ያኔ ግራ ገባኝ። ቤታቸው ሄጄ የሶኬቱን ኃይል በቴስተር ለካሁ፤ ደህና ነው። ኃይሉን የሚያመጣጥን ስታብላይዘር አስገባሁ። ኮምፒውተሩን እኛ ዘንድ አምጥቼ ሳምንት ሙሉ ሳላጠፋ አሠራሁት፤ ምንም አላለም። ቀዩ ካርቶን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ቤት ዓመት ሙሉ ያለ እክል ይሠራል። አንድ ዓይነት ዕቃ እዚህ እየኖረ እዚያ እየሞተ፣ የተማርኩትን ራሱን መጠራጠር ጀመርኩ።

ግራ የገባው ሰው ዝም ቢል ጥሩ ነበር። እኔ ግን ቀዩም ሰማያዊውም የማይረቡ ናቸው እያልኩ ከተማውን አዳረስኩ። በእኔ ምክር ቀዩን ሊገዛ የነበረ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ግዢውን አቆመ። ጋሽ ካሳ ብቻ፣ «ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀምህ እንዳይሆን» አሉኝ። ተናደድኩ፤ ስለ ሬዲዮ እንጂ ስለ ኮምፒውተር ምን ያውቃሉ ብዬ።

ለእትዬ ዘሃራ ሦስተኛ፣ ስሙን ማንበብ ያቃተኝ ነጭ ካርቶን ገጠምኩ። «ይህም ከሞተ ሌላ አታምጣልኝ» አሉ ቀስ ብለው። «መስከረም ደረሰ።»

ነሐሴ ላይ የሩዝ መፈልፈያው ባለቤት ፕሪንተር እንዳስተካክልለት ጠራኝ። ስጨርስ ዝናቡ ያዘኝና ለመጠለል እትዬ ዘሃራ ቤት ገባሁ። ከዚያ በፊት ሳላስነግር ሄጄ አላውቅም። እየተየቡ ነበር። ከስክሪኑ በቀር የኮምፒውተሩ ሣጥን ግን አይታይም። ከላይ እስከ ታች በልኩ የተሠራ ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ ዳንቴሉ ቀዳዳ ስላለው ከውስጥ አቡጀዲ ተደርቦበታል፤ ከኋላ በጥብጣብ ታስሯል። ለሽቦዎቹ ብቻ ቀዳዳ ተትቶላቸዋል። እጄን ባሳርፍበት ፈጀኝ።

«እትዬ፣ ይህን መቼ ነው የሚያለብሱት?»

«ሁልጊዜ ነዋ። አንተ ትመጣለህ ሲሉኝ አውልቄ አጥበዋለሁ እንጂ። ብናኙ ያቆሽሸዋል፤ ለእንግዳ ያሳፍራል።»

«ማን አልብሱት አለዎት?»

መተየባቸውን ትተው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ አንተ አይደለህ? አቧራ እንዳያየው አደራ አላልኸኝም? ሁለት ሳምንት ተቀምጨ ነው የሠራሁት።»

ጥብጣቡን ፈታሁ። አፍሬ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ሙቀቱን መውጫ አሳጥቼ ሁለት ማዘርቦርድ የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እሳቸው ያደረጉት የነገርኳቸውን ብቻ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ በፋብሪካ ታመካኝ ነበር?» አሉኝ።

ዳንቴሉን አልጣሉትም። ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ያለብሱት ጀመር። መስከረም ጠባ፤ ባለቤታቸው የሱቁን ነገር አላነሱም። ነጩ ማዘርቦርድ ብዙ ዓመት ሠራ፤ ጥሩ ዕቃ ስለሆነ ይሁን መተንፈሻ ስላገኘ እስካሁን አላውቅም።

ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ሄጄ ስለ ቀዩ ካርቶን የተናገርኩት ስህተት ነበር አልኩ። «መልካም፤ ታዲያ የትኛውን እንግዛ?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። በሥራዬ ይህን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ብያለሁ።

ወጣቶቹ ዛሬም የትኛው ብራንድ ይሻላል ይሉኛል። እኔ ከገጠምኩ በኋላ ኮምፒውተሩ የሚቀመጥበት ቤት ሳላስነግር እሄዳለሁ። የሰጠሁት ምክር ምን ሆኖ እንደቆየኝ የማየው ያኔ ነው።