ነጩ ታፔላ

የእህቴ ባል ታፔላ ጻፊ ነበር። በከተማችን ካፌው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ የአውቶቡሱ ግንባር ሳይቀር የእሱ ብሩሽ ያላረፈበት አልነበረም። ፊደሎቹ ወፋፍራም ናቸው፤ ሆዳቸው የተነፋ፣ በስተቀኝ ጥቁር ጥላ ያላቸው፣ እግራቸው ጫፍ ላይ ቅጠል የምትመስል ጥምዝ ያለባቸው። ሰዉ ፊደሉን «ቦርጫም» አለው። ውሎ አድሮ ጻፊውንም ቦርጫም ይሉት ጀመር፤ ሆድ የሚባል ነገር ያልፈጠረበትን፣ ቀበቶው ሁለት ዙር የሚዞረውን ሰውዬ!

እህቴን ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ጧፌ ነው የምንላት። ቀጭንና ቀጥ ያለች ስለነበረች አባታችን ያወጣላት ስም ነው። ልብስ ሰፊ ነበረች። መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየች። ለታፔላው ላሜራውን ራሷ ገዛች፣ ራሷ ነጭ ቀለም ቀባችው፣ በሩ አናት ላይ አሰቀለችና ባሏን «እንግዲህ ስሜን ጻፍልኝ» አለችው። ሌላ ምንም አልጠየቀችውም። ወርቅ አይደል፣ ቤት አይደል!

«እሺ፣ ነገ» አላት።

ያ ነገ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ስንፍና ነበር ብዬ አልዋሽም። ያስቸገረችው ጧ ናት። ሦስቱን ወፍራም እግሮች ይሥልና ከሥር አግድሟን ጭረት ሲጨምርባት ፊደሏ ትታፈናለች፤ ከሩቅ ስትታይ የቀለም ጉብታ ብቻ ትሆናለች። በጋዜጣ ጠርዝ ላይ እየሞከረ «እግሯ አልስማማ አለኝ፤ ላንቺ ደግሞ እንደ ነገሩ አልጽፍም» ይላታል። እሷ ትስቃለች። እኔን ግን ያንገበግበኝ ነበር። «ለሥጋ ቤቱ በግማሽ ቀን የምትጨርስ ሰውዬ፣ ለሚስትህ ሲሆን እጅህ ይታሰራል?» እለዋለሁ። ደንበኞቿም ሱቋን «ነጩ ታፔላ» ብለው ለመዱት።

በኋላ አንድ የማተሚያ ቤት ባለቤት ከተማውን እየዞረ የቦርጫምን ታፔላዎች ፎቶ አነሳ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ኮምፒዩተር ውስጥ ከተታቸው። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ጠዋት አዝዞ ከሰዓት ቦርጫም ፊደል ያለበት ስቲከር ይለጥፋል። ብሩሽ ማን ይፈልጋል? የእህቴ ባል ቤት ዋለ። ቤት መዋል ሲጀምር እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ የሻይ ብርጭቆ እንኳ በሁለት እጁ ነው የሚይዘው። ቤቱ በጧፌ መርፌ ቆመ። እሷ ደግሞ ስታስል ከረመች። «ጉንፋን ነው፣ ያልፋል» ትለኛለች፤ እኔም ሞኟ አመንኳት። ሆስፒታል ስትገባ ሳምባዋ አልቆ ነበር። «የታፔላውን አቧራ ጥረጊልኝ፤ ሲጽፍበት እንዳይበላሽ» አለችኝ። በማግስቱ ሞተች።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ለቅሶ ሊደርስ መጣ። በብብቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል፤ መቃብሯ ራስጌ የምትተከል ሰሌዳ ናት።

«ጋሼ፣ ለእርስዎ ክብር ብዬ በራስዎ ፊደል አሠራኋት» አለ። ፊቱ ላይ ክፋት የለም፤ እኔን የባሰ ያናደደኝም እሱ ነው።

ጨርቁን ገለጠው። ፌ ሆዷን ነፍታ፣ ጥላዋን አንጥፋ ቁጭ ብላለች። ከፊቷ ያለችው ጧ ግን ጥላም ቅጠልም የላትም፤ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ላይ የምናያት ዓይነት ቀጭን ፊደል ናት።

«ይቺስ?» አለ የእህቴ ባል።

«ፌን ከካፌዎቹ ላይ አገኘኋት። ለጧ ግን ከተማውን ሁለቴ ዞርኩ። አንድም ቦታ አልጻፏትም፣ ጋሼ።»

አንዷ ጎረቤታችን ነገር ያበረደች መስሏት «ይሁን፣ እሷም ቀጭን ነበረች» ብላ እርፍ! ገላመጥኳት። እኔም ከእሷ አልተሻልኩም፤ አፌን መያዝ አቅቶኝ «የከተማውን ስም ሁሉ ጽፈህ የእሷን አጣህ!» አልኩት፣ በሰው ፊት። እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል። አንገቱን ደፋ።

ሰሌዳዋ እንዳለች ተተከለች። እሱ ከሳምንት በኋላ ወረቀት ዘርግቶ ተቀመጠ። «የመቃብሩ ይቅር፤ ቃል የገባሁላት ነጩ ላይ ነው። አንድ ቀን እንኳ መንገደኛ ያንብባት፤ ከዚያ አውርደን ቤት እናስገባዋለን» አለኝ። የሱቁ ባለቤትም ተከራይ እስኪገኝ ታፔላው ይቆይላችሁ ብሎን ነበር። ቀኝ እጁን በግራው እየያዘ ይሥላል፣ እግሯ ይወላገድበታል፣ ይቀድና እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ሲል አራት ወር ሄደ።

አንድ ጠዋት «እቴ፣ ነይማ» ብሎ ጠራኝ። ወረቀቱ ላይ ጧ ቀጥ ብላ ቆማለች። መሐለኛውን እግር አሳጥሮ ለጭረቷ ቦታ ለቆላታል። በቃ፣ ይኸው ነበር! ሁለታችንም ተቀምጠን አለቀስን።

ፂሙን ተላጨ፤ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነው። እሱ ቀለሙንና ብሩሹን፣ እኔ መሰላሉን ይዘን ወጣን። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ልመልሰው ብል የት አባቴ ልመልሰው? በነጩ ላሜራ ላይ ከዳር እስከ ዳር «ሞባይል ጥገና» የሚል ስቲከር ተለጥፏል። ሆዱ የተነፋ፣ ጥላው ጥቁር፣ እግሩ ላይ ቅጠል። አዲሱ ተከራይ በሩ ላይ ቆሞ «ምን ልታዘዝ?» አለን።

የእህቴ ባል ፊደሎቹን አንድ በአንድ አያቸው። «አንዷም አልጎደለችም» አለኝና ቀለሙን መሬት ላይ አስቀመጠው።