የእትዬ አስካለ ጠላ ቤት ፈቃድ

ማዘጋጃ ቤት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ የክፍል ሹማችን አቶ በየነ መታወቂያና ሜትር ሰጥተው «የካ ያንተ ነው» አሉኝ። ማብራሪያ ስጠብቅ «ጫማህ ግን ለዳገት አይሆንም» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ማዕረጌ ረዳት ተቆጣጣሪ ነበር። ሻይ ቤቱን፣ ጠላ ቤቱንና ሱቁን እየዞርኩ ፈቃድ ያለውንና የሌለውን እለያለሁ።

ጫማው እውነትም አልሆነም።

እትዬ አስካለን ያገኘኋቸው ከየካ ሚካኤል በላይ፣ እንጨት ጫኞች ከእንጦጦ በሚወርዱበት መንገድ ዳር ነው። ባላቸው ሞተው ሦስት ልጆች በጠላ ያሳድጋሉ። እንደ ማንኛውም ጠላ ቤት በራቸው ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ተደፍቷል። ፈቃድ ግን የላቸውም። በደንቡ ማሸግ ነበረብኝ፤ አንጀቴ አልቻለም፣ ማስጠንቀቂያ ጽፌ ጊዜ ሰጠኋቸው።

ሴትዮዋ ቆራጥ ናቸው። የአጥቢያ ዳኛውን ምስክርነት አመጡ፣ መጸዳጃ አስቆፈሩ፣ ግድግዳውን ኖራ አስቀቡ፣ ለጋኖቹ ሁሉ ክዳን አበጁ። የጤና ተቆጣጣሪው አይቶ ፈረመ። ፈቃዱን ስሰጣቸው እልል አሉ። «ስምዎ ያለበት ታቤላ ደግሞ ይስቀሉ» አልኳቸው፤ ደንቡ ያዛል።

በሳምንቱ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። እትዬ አስካለ ደጃፍ ተቀምጠው ፈቃዱን ዘረጉልኝ።

«ውሰድልኝ ልጄ። ይህ ወረቀት ከገባ ወዲህ ሰው ዝር አላለም። ጠላዬ ሊሆመጥጥ ነው፤ ልጆቼን ምን ላብላ?»

«ከመለሱት እኮ ቤቱን የማሽገው እኔው ነኝ!»

«እሸገዋ! ባዶ ቤት ምን ሊቀርበት!»

ደነገጥኩ፣ ተናደድኩም። ወረቀቱን ሳልቀበል መንገድ ላይ ወጥቼ አህዮቹን እየነዳ የሚወርድ እንጨት ጫኝ አስቆምኩ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

«ጠላ አይጠጡም እንዴ?»

«ጥም ገድሎኛል ጌታዬ። ታች ስደርስ እጠጣለሁ።»

«እዚህስ?»

«እዚህማ ዳኛ ገብቶበታል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ ማንበብ አልችልም፤ ግን ጽሑፍ ተሰቅሎ አያዩም? ጣሳውም ወርዷል። ሴትዮዋ ምን አጥፍተው ይሆን እያልን እናዝናለን።»

ዞሬ አየሁ። በነጭ ሰሌዳ ላይ በጥቁር ቀለም የተጻፈ ታቤላ በሩን ሞልቶታል። ጣሳው የለም።

«እትዬ አስካለ፣ ጣሳው የት ሄደ?»

«ጣልኩታ! ባለ ፈቃድ ሆኜ ጣሳ ልሰቅል?»

ሳቄ መጣ፤ ግን ጣሳና ታቤላ አብረው ይፈቀዱ እንደሆነ አላውቅም። ቢሮ ሮጬ አቶ በየነን ጠየቅኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ታቤላ ስቀሉ ተባለ እንጂ ደንበኛ አባሩ ተባለ? ሂድ፣ ጣሳውን መልስ!»

ጣሳውን ከጓሮ ፈልጌ የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት እንጨት ጫኞች አህዮቻቸውን አስረው ገቡ። አንደኛው ቆቡን አውልቆ እጅ ነሣ።

«እትዬ አስካለ፣ እንኳን ከእስር ተፈቱ!»

እትዬ አስካለ ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለእኔም ቀዱልኝ። በሥራ ሰዓት መጠጣት ክልክል ነው። እፎይ ብዬ ጠጣሁ።

ከዚያ ወዲያ ፈቃድ ወደሰጠሁበት ቤት ሁሉ በሳምንቱ እመለስ ነበር። ደንበኛ ሲገባ ካላየሁ ፋይሉን አልዘጋም። ለወጣት ተቆጣጣሪዎች የምለውም ይህንኑ ነው፤ ተመልሳችሁ እዩ።