የመርፌ የምስጋና ደብዳቤ

መርፌ የምንላት ስለቀጠነች ብቻ አይደለም። ልብስ ሰፊ ናት፤ ደግሞም ነገር ከያዘች ሳትወጋ አትለቅም። እኔ ጡረታ የወጣሁ የቢሮ ጸሐፊ ነኝ። ሱቋ ከቤቴ ፊት ለፊት ስለሆነ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትስቅም ስትሳደብም ሰምቻታለሁ። ታላቅ እህቷን የቀበርን ዕለት ግን ዕንባዋን በክንዷ ጠርጋ «ሰውዬውን አልለቀውም» ስትለኝ ድምፅዋ እንደዚያ ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ፈራኋት።

ሰውዬው የምክር ቤት አባላችን ነው። «የተከበሩ» እያልኩ ስሙን ስጽፍ ጣቴን ያሳክከኛል። እህትየው ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ካላት ጀምሮ አልጋ ላይ ነበረች። አቅም ለሌላቸው ሕሙማን ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ በሳምንት ሁለቴ እየመጣች ታገላብጣት፣ የጀርባዋን ቁስል ታጥብላት ነበር። እሱ የሚመራው ኮሚቴ «ለሙከራ» ብሎ የእኛን ሰፈር ነርሶች አስቀረ። የፈረመውም እሱ ነው። መርፌ ነርሷን እያየች የተማረችውን ያህል ሞከረች፤ ስፌቱን እየተወች በየሰዓቱ ወደ ቤት ትሮጥ ነበር። ቁስሉ ግን አመረቀዘ። በአራተኛው ወር እህቷ አረፈች። ጥቂት ቆይቶ ሙከራው ተሳክቷል የሚል ዜና ጋዜጣ ላይ ወጣ። እኔ እንኳ ሳነበው ደሜ ፈላ፤ የእሷን አስቡት።

እንግዲህ የበጎ ፈቃደኞች ቡድናችንን የተቀላቀለችው በቂም ነው፤ ደብቃውም አታውቅም። አምስት ነን። የምክር ቤት አባላት ቢሮ እየሄድን የድኾች ድጋፍ እንዳይነካ እንወተውታለን። መሪያችን ጡረተኛው የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሕግ አላቸው፤ አንድ ሰው የሚናገረው ሁለት ደቂቃ ነው፣ ስድብ የለም፣ ስንወጣ ደግሞ በዚያው ቀን የምስጋና ደብዳቤ ይላካል። ቢያባርሩን እንኳ።

«ምን ብዬ ነው የማመሰግነው ጋሼ? እህቴን ስለቀበረልኝ?» አለቻቸው መርፌ።

«ከተናገረው ውስጥ አንድ በጎ ቃል ፈልጊና እሱን አመስግኚ። አንድ በጎ ቃል ከአፉ የማይወጣ ፖለቲከኛ እስካሁን አልገጠመኝም።»

ባለፈው ዓመት ኮሚቴው በሌሎቹ ሰፈሮች የቀሩትንም ነርሶች ጠቅልሎ ሊያስቀር መሆኑን ሰማን። ድምፅ ሊሰጥ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቢሮው ገባን። እኛን ያስቀመጡበት ሶፋ ከመርገቡ የተነሣ ጉልበታችን ደረታችን ጋ ደረሰ፤ የእሱ ወንበር ግን ከፍ ያለ ነው። ግድግዳው ላይ አሮጊቶች አቅፎ የተነሣቸው ፎቶዎች ተደርድረዋል። መርፌ እህቷ እንዴት እንደሞተች ሳትሳደብ፣ ሳትንቀጠቀጥ፣ በሁለት ደቂቃ ተናግራ ጨረሰች። እሱ ጠረጴዛው ሥር ስልኩን ይነካካ ነበር። አልፎ አልፎ ቀና ይልና «አይ፣ አይዞን» ይላል። ስትጨርስ ግን ያ ቅቤ አንጓች እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ልቤ ከእናንተ ጋር ነው። እናንተን የሚጎዳ ወረቀት እጄ አይፈርምም» አለ።

መርፌ ወዲያው ተነሣች። «እናመሰግናለን» አለችና ወጣች።

ደብዳቤውን እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩት። «ክቡርነትዎ፣ ልቤ ከእናንተ ጋር ነው፣ እናንተን የሚጎዳ ወረቀት እጄ አይፈርምም ብለው በአምስት ሰዎች ፊት ቃል ስለገቡልን፣ ነርሶቹን በሙሉ ስለሚያተርፉልንም ከልብ እናመሰግናለን» ይላል። አንዱ ቅጂ ለእሱ ሄደ። የቀረውን ፋርማሲው በር ላይ፣ ጸጉር ቤቱ መስተዋት ላይ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ የገዛ ቢሮው አጥር ላይ ሳይቀር ለጠፈችው። ዳይሬክተሩ ሲያዩ ጮኹ።

«ደብዳቤ የሚላከው ለባለቤቱ ነው እንጂ ለግድግዳ አይደለም!»

«ጋሼ፣ ሕግዎ አመስግኚ ነው የሚለው፤ በሹክሹክታ አመስግኚ አይልም።»

ከዚያ በኋላ ሰውዬው መድረሻ አጣ። መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው እየጨበጠ ያመሰግነዋል። ጸጉር ቆራጩ ፎጣውን ከአንገቱ ሳይፈታለት ግንባሩን ሳመው። አንዲት ባልቴት መኪናውን አስቁማ ቆማ መረቀችው። እሱ እየሳቀ ይገረጣል። ድምፅ የሚሰጥበት ቀን እኛ ከኋላ ተቀምጠን ስናየው፣ ነርሶቹ ይቀጥሉ ብሎ እጁን ያነሣው ጥርሱ ያለ ማደንዘዣ እንደሚነቀል ሰው ተጨማዶ ነው። የእኛ ሰፈር ነርሶችም እንዲመለሱ ተወሰነ። የቀረው የእሱ ፊርማ ብቻ ነበር።

«እንግዲህ በቃሽ» አልኳት።

«ገና ነው እትዬ። ይፈርም።»

የሚፈርመው በጤና ጣቢያው ግቢ፣ በቴሌቪዥን ካሜራ ፊት ሆነ። ጉድ እኮ ነው! ያስቀረውን ነርስ መልሶ ስለሰጠ ይጨበጨብለታል። እርር ድብን እያልኩ እኔም አጨበጨብኩ፤ ፊርማው ወረቀቱ ላይ ገና አላረፈማ። ፈረመ። ብዕሩን አስቀመጠና መርፌን ትከሻዋን አቅፎ ወደ ካሜራው አዞራት።

«ለመሆኑ እህትዎ እንዴት ናቸው? ነርሷ ልትመለስ መሆኑን ሲሰሙ ደስ አላቸው?»

ዳይሬክተሩ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እኔ በጥፊ የምትለው መስሎኝ ቦርሳዋን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን መጀመሪያ ወረቀቱን አየች፤ የሰውዬው ጸሐፊ ማኅተሙን መትቶ አቃፊው ውስጥ ሲከተው እስክታይ ጠበቀች።

«ለምን ራስዎ አይጠይቋትም? ቅርብ ናት፤ በእግር እንደርሳለን።»

«በደስታ!» አለ፣ ካሜራው እየቀረጸው ነዋ።

ሄድን። ሰዉም ነቅሎ ተከተለ። እሱ በየበሩ እጁን እያውለበለበ መሐላችን ይራመዳል። ዳቦ ቤቱን አልፈን በረጅሙ የድንጋይ አጥር ታጠፍን።

«ቤታችሁ እዚህ ጋ ነው?»

«የእሷ አዎ።»

የመቃብሩ በር ላይ ስንደርስ ቆመ። ፈገግታው ከፊቱ ሳይወርድ ዐይኑ ብቻ ፈዘዘ። ቀራጩ ካሜራውን ዝቅ አደረገና ግራ ቀኙን አይቶ መልሶ አነሣው።

«እናቴ… ምናልባት ሌላ ቀን…»

«በደስታ ብለዋል እኮ። ይግቡ።»

ከኋላው መንገዱን የሞላ ሰው ነበር፤ ማን ያሳልፈው? ገባ። መርፌ መቃብሩ ላይ የወደቀውን ደረቅ ቅጠል በእጇ ጠረገችና በርከክ አለች።

«እህቴ፣ ነርስሽን ያስቀሩብሽ ሰውዬ መጥተዋል። እንዴት ነሽ እያሉሽ ነው።»

የሰውዬው አንገት ኮሌታው ድረስ በላብ ራሰ። መርፌ ተነሥታ ጉልበቷን አራገፈች፤ «እስክትመልስልዎ ይጠብቁ እንግዲህ። እኔ የምሰፋው ሱሪ አለኝ» ብላው ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

«አንጀትሽ ራሰ?» አልኳት በሩ ጋ።

«ትንሽ» አለች። «የቀረውን ምርጫው ሲደርስ።»