አባቷ ያስጠናት መልስ

ባለቤቴ ገፈርሳ ግድብ ላይ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከሞተ በኋላ ለልጃችን የሚከፈለው የጡረታ አበል አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት እንደሚቆም ነገሩኝ። የአእምሮ እድገት ውስንነት እንዳለባት የሐኪሞች ቦርድ ካረጋገጠ ግን ይራዘማል፤ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚራዘምም ቦርዱ ይወስናል አሉኝ።

እኔ ደግሞ ምን የሚወሰን ነገር አለ ብዬ ነበር። ልጄ የጫማዋን ግራና ቀኝ አትለይም። የፈላ ውሃ ውስጥ እጇን ትከታለች። ፀጉሯን የማጥብላት፣ ጥፍሯን የምቆርጥላት እኔ ነኝ። ብቻዋን ከበር የወጣችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ያኔ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ከቡራዩ ሚኒባስ ተሳፍራ ሆለታ ደረሰች። ረዳቱ የማን ልጅ እንደሆነች ቢጠይቃት ሳቀችለት እንጂ አልመለሰችም። ስንፈልጋት አድረን በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ አገኘናት፤ በአንዱ ፖሊስ ኮት ተጠቅልላ ተኝታ።

አባቷ ከዚያ ቀን ወዲያ ያስጠናት ጀመር። ከሥራ ሲመለስ የራሱን በር አንኳኩቶ እንደ እንግዳ ይገባል። «አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» ይላታል። የሚያገኛት ሰው አማርኛ ላይችል ይችላል ብሎ በኦሮምኛም ይደግምላታል፤ «ኢንተለ ኤኙቲ?» የእሷን ስም፣ የእሱን ስም፣ ሰፈራችንን፣ በራችን ሰማያዊ መሆኑን እንድትናገር አስለመዳት። አባትሽ የት ነው ስትባል ደግሞ «ሥራ ሄዷል፤ ማታ ይመጣል» እንድትል። ጠባቂ የላትም ብሎ የሚያስብ ሰው እንዳይኖር ነው። ለዚህች ለአንዲት ወሬ ዓመታት ፈጀባቸው። ሳትሳሳት የጨረሰች ዕለት ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ ሬዲዮ ከፍቶ አብሯት ጨፈረ።

ቦርዱ ፊት የቀረብን ቀን ሦስት ሐኪሞች ነበሩ። ሰብሳቢው ለስላሳ ሰው ነው። ወንበሩን ወደ ልጄ አስጠጋና የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቃት። ልክ ቤታችን በር ላይ እንደምትቆመው ቀጥ ብላ ቆመች። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ ሰፈሯን፣ ሰማያዊውን በር፣ ሁሉንም ተናገረች። ሌላው ሐኪም እየሳቀ በኦሮምኛ ሞከራት። እሱንም መለሰችለት።

«እናት፣ ልጅዎ እኮ ጎበዝ ናት» አለኝ ሰብሳቢው። «ሁለት ቋንቋ ትናገራለች።»

የተጠና ነው አልኩት። ማጥናት መቻልም መማር ነው አለኝ። ሌላ ነገር እንዲጠይቃት ለመንኩት፤ ጠዋት ምን እንደበላች፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ። እሱ ግን አባቷ የት እንዳለ ጠየቃት።

«ሥራ ሄዷል፤ ማታ ይመጣል።»

የሞቱ ማስረጃ እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ነበር። አሁን ገባቸው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ሰብሳቢው ግን ልጆች ሐዘንን እንዲህ እንደሚቋቋሙ በርኅራኄ አስረዳኝ። መሻሻል ይታይባታል ብለው ለአንድ ዓመት ብቻ አራዘሙልን፤ ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ትታያለች። መልካም ዜና እንዳበሠረ ሰው እስከ በሩ ሸኘኝ።

ኦቦ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን የባለቤቴ ወዳጅ ነበሩ። ውሳኔውን ስነግራቸው ሳቁ። «እኔም እኮ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ለእኔስ ስንት ዓመት ይጽፉልኝ ይሆን?» አሉ። ወዲያው ሳቃቸው ጠፋ። «ስሚኝ ልጄ፣ ለከርሞው ዝም እንድትል አስተምሪያት» አሉኝ።

«እንዴት አድርጌ፣ ኦቦ? ብትጠፋብኝስ?» አልኳቸው።

ያም ሆኖ ምክራቸውን ሞከርኩት። ባለፈው ሰሞን ከገበያ ስመለስ በሩን አንኳኳሁ። የማን ልጅ ነሽ ልላት፣ አፏን ስትከፍት ጣቴን ከንፈሯ ላይ ላደርግ አስቤ ነበር። እሷ ግን በሩን ከፍታ፣ ጥያቄዬን ሳትጠብቅ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበነበችው። «ማታ ይመጣል» ላይ ስትደርስ ፊቷ እንዳለ በራ፤ በትከሻዬ ላይ አሻግራ መንገዱን አየች።

ጣቴን አላነሳሁም። ቀጠሯችን ሲደርስ ለሐኪሞቹም እንደዚሁ ትመልስላቸዋለች። ጎበዝ ናት ይሉና አበሏን ይቆርጡባታል።