ለዳዊት ደም ልንሰጥ የሄድንበት መንገድ

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከዳላስ

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት የሚነዳው ትራክ ዴንተን ከተማ አጠገብ ተገልብጦ ብዙ ደም ፈስሶታል ብለው ደወሉልኝ። ጋሽ መኮንን፣ እዚህ ሁላችንም እንደ አባት የምናያቸው ሰው፣ "ደም የሚተካው ዘመድ ነው!" ብለው ያገኙትን ሐበሻ ሁሉ ኮል አደረጉ። አገር ቤት እንደዚያ ነዋ፤ የታመመ ሰው ካለ ቤተሰብ ደም ሳይተካ አይሆንም። እሳቸውን መኪናዬ ውስጥ ከጎኔ አስቀምጬ ወጣሁ፤ ሌሎቹ ተከተሉን። የሉዊስቪልን ሐይቅ ስንሻገር ሰዎች በጀልባ እየተንሸራሸሩ ይስቃሉ። በሰው ደስታ ተናድጄ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ተናደድኩ።

ዴንተን

የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል በኛ ሞላ። ሁሉም እጅጌውን ሰብስቧል። ሩት የምትባል ነርስ፣ የኛው ልጅ፣ ወጣች።

"እትዬ፣ እዚህ እኮ ደም አንቀበልም።"

"ታዲያ ወንድሜ ምን ሊሆን ነው?"

"አምቡላንስ ውስጥ እያለ ነው ደም የጀመሩለት። ማለቴ፣ ዓይነቱ እስኪመረመር አይጠበቅም፣ ለማንም የሚሆነውን ኦ ነው የሚሰጡት። እዚህ ደግሞ ቀዩን ደም፣ ደም የሚያረጉትን ፕላዝማና ፕላትሌትም እኩል እኩል እየሰጠነው ነው። ቀዩ ብቻውን ከሆነ መድማቱ አይቆምም፤ ውሃ ብቻ ብናንጠለጥልለት ደግሞ የቀረውን ያቀጥንበታል። አሁን ሰርጀሪ ላይ ነው፣ ሶ ጸልዩ። መስጠት ከፈለጋችሁ ዩለስ ከተማ ያለው ደም መስጫ ሂዱ፤ ደም እያለቀብን ነው።"

ዩለስ

ግማሹ ሰው "ሥራ አለኝ" ብሎ ከዴንተን ተመለሰ። ጋሽ መኮንን በባዶ ሆድ ደም አይሰጥም ስላሉ ነዳጅ ማደያ ቆመን ታኮ በላን፤ ኤርፖርቱ ቅርብ ነውና ለማረፍ የሚወርደው አውሮፕላን የመኪናችንን ጣራ የሚነካ ይመስላል።

ደም መስጫው ቦታ ስንደርስ ሠራተኞቹ መጠየቅ ጀመሩ። እኔ ከሁለት ወር በፊት ለሰርግ አርባ ምንጭ ሄጄ ነበር፤ የወባ አገር ነው፣ ሦስት ወር ይሙላሽ አሉኝ። በዲቪ በቅርቡ የመጡትን ልጆች ደግሞ በዚያው በወባው ሦስት ዓመት ጠብቁ አሏቸው። ያለፉት ጋሽ መኮንን ብቻ ናቸው።

"ለዳዊት ነው አይደል?" አሉ።

"ለሚያስፈልገው ሰው ነው" አለቻቸው ደም የምትቀዳው ልጅ።

"እንዴ! ለማላውቀው ሰውማ ደሜን አልሰጥም!" ብለው እጅጌያቸውን አወረዱ።

"ጋሼ፣ ዳዊት እስካሁን ያለው እኮ የማያውቀው ሰው በሰጠው ደም ነው!"

"እሱ ሌላ ነው" አሉኝ።

እሁድ፣ እንደገና ዴንተን

ዳዊት ተርፏል፣ ተመስገን። ጉሮሮው ውስጥ የነበረው ቱቦ ወጥቶለት በሰለለ ድምፅ "የማን ደም ነው የገባልኝ?" አለ።

ጋሽ መኮንን ቀደሙኝ። "የኛ ነዋ! ወገን ለመቼ ነው?"

ዳዊት እጃቸውን ስቦ ሳመ፤ አለቀሰም። አፌን ከፈትኩ። ሩት እንዳታስጨንቁት ብላን ነበርና መልሼ ዘጋሁት።

ወደ ቤት

ጋሽ መኮንን እስከ ዳላስ ድረስ ስለ ሐበሻ መተባበር አወሩልኝ። እኔ መንገዴን እያየሁ ነዳሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይሄ ነው፦ ለሚደማ ሰው ደሙ ቀድሞ ተቀምጦ መገኘት አለበት፤ የኛ ፍቅር ደግሞ ሁልጊዜ አደጋው ከደረሰ በኋላ ነው እየሮጠ የሚመጣው። ሦስት ወር ሲሞላኝ ብቻዬን ዩለስ እሄዳለሁ።

በራቸው ላይ ሳወርዳቸው "ደከምሽ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አሉኝ። አሜን አልኩ። ወንድሜን ያተረፈውን ሰው ስሙን እንኳ አናውቀውም፤ የተሳመው የሳቸው እጅ ነው።