የእጄ አንድምታ

አባቴ ድብ ባሕር በሚባል አገር የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነበሩ። ተማሪዎቻቸው ከግድግዳው ወዲያ ንባቡን ሲያሰሙ፣ ትርጉሙን ሲያስከትሉ፣ ቀጥሎም «አንድም» እያሉ ሌላ ፍች ሲጨምሩበት እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሴት በመሆኔ ጉባኤው መሃል ባልቀመጥም ጆሮዬን የከለከለው አልነበረም። ልማዱ ጓዳችንም ገብቶ ነበር። በእኛ ቤት ወሬ እንደ መጣ አይወራም። የጎረቤት ላም ጠፋች ከተባለ፣ አንድም እረኛው ተኝቶ ነው፣ አንድም ላሚቱ ራሷ ባለቤቶቿ ሰልችተዋት ነው እየተባለ ይፈታል። አንድም የሌለው ወሬ ለእኔ ወጥ ያልነካው እንጀራ ነው።

ይህን የማነሣው ልጄን ከአምስተኛ ክፍል ሊያስወጣት የነበረው ይኸው ልማድ ስለሆነ ነው።

ልጄ አትሰማም። የምንኖረው አዘዞ ነው፤ እዚያ ያለው ትምህርት ቤት መስማት ለተሳናቸው ልጆች ልዩ ክፍል ስላለው፣ እስከ አራተኛ የምልክት ቋንቋ ከምታውቅ መምህርት ጋር ደኅና አድርጋ ተማረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ለወላጆችም ቋንቋውን ያስተምሩን ነበር። ሌላው ወላጅ ለቅሶ አለብኝ፣ ማኅበር አለብኝ እያለ ሲቀር እኔ ሙጥኝ አልሁ። ባሌ እጄ ሲወራጭ እያየ «ምነው፣ በአፍሽ የምታወሪው አነሰሽ?» ይለኝ ነበር።

ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ግን ልጆቹ ከሚሰሙት ጋር ይቀላቀላሉ። አስተርጓሚስ ብለን ብንጠይቅ በሂደት ላይ ነው ተባልን። ሂደት ምን ማለት እንደሆነ ሚኒባስ እስኪሞላ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ሽንኩርትና ቲማቲሜን ከሰዓት በኋላ ልሽጥ ብዬ፣ ጠዋት ጠዋት ከጥቁር ሰሌዳው ጎን እየቆምሁ ለልጄና ለሁለት ጓደኞቿ ማስተርጎም ጀመርሁ። እኔ ራሴ ትምህርት ያቋረጥሁት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ አንድ ክፍል እበልጣቸዋለሁ።

የአካባቢ ሳይንሱ መምህር ወጣት ነው፤ ንግግሩ ደረቅ ነው። «አፈር በጎርፍና በንፋስ ይሸረሸራል» ይልና ዝም። ይኼ ምኑ ይተረጎማል? እኔ ገበሬ መሃል አድጌ አፈር በምን እንደሚሄድ አውቃለሁ። ስለዚህ፣ አንድም ድንበር እየገፋ ገደል አፋፍ ድረስ የሚያርስ ስግብግብ ጎረቤት አለ ብዬ ጨመርሁላቸው። ሌላ ቀን ደግሞ እንቁላል ሰውነትን ይገነባል አለ። ይህን በታማኝነት ተርጉሜ ስጨርስ፣ አንድም በዚህ ደመወዙ እሱ ራሱ መቼ እንቁላል ቀምሶ ያውቃል አልሁ። ለ«አንድም» ምልክት ስላላስተማሩን አንድ ጣቴን ሽቅብ አነሣለሁ። ልጆቹም ጣቴ በተነሣ ቁጥር ዋናው ነገር መጣ ብለው ደብተራቸው ላይ ያቀረቅራሉ። እኔ ደግሞ እንዴት ያሉ ጎበዞች ናቸው እያልሁ እደሰት ነበር።

ፈተና ደረሰ። ፈተና ላይ አስተርጓሚ አይገባም ተብዬ ውጭ ቀረሁ። ወረቀቱ ታርሞ ሲያበቃ እኔና ልጄ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራን። ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡልኝ። አፈር በምን ይሸረሸራል ለሚለው ልጄ «ጎረቤት ስግብግብ። ድንበር ያርሳል። አፈር ይሄዳል» ብላለች። ለእንቁላል ጥቅም ደግሞ «መምህር ደመወዝ ትንሽ። እንቁላል አይበላም» ይላል። ሁለቱ ጓደኞቿም ይህንኑ ጽፈዋል። መምህሩ ጥግ ላይ ቆሞ ፊቱ በርበሬ መስሏል። አንድም ተኮራርጀዋል፣ አንድም ተሳልቀውብኛል አለ፤ ሳያውቀው እሱም የአባቴ ደቀ መዝሙር ሆኖ።

ልስቅ ስል ርዕሰ መምህሩ ወደ ልጄ አዩና «እታለም፣ ንገሪያት» አሉኝ። «አምስተኛ ክፍልን አልቻለችም። ሦስቱም ወደ ልዩ ክፍል ይመለሳሉ።»

ልዩ ክፍሉ ከአራተኛ በላይ የለውም። እዚያ ተመለሰች ማለት ትምህርቷ አበቃ ማለት ነው።

እጄን አነሣሁና፣ በርቺ፣ ጠንክረሽ አጥኚ ይሉሻል አልኋት። ልጄ የምታየው ግን እጄን ሳይሆን የእሳቸውን ፊት ነበር። ወደ እኔ ዞረችና በእጇ «ፊታቸው በርቺ አይልም። ያሉትን ብቻ ንገሪኝ» አለችኝ። ነገርኋት፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። በዕድሜዬ እንደዚያ አጭር ነገር ተናግሬ አላውቅም፤ እንደዚያ የከበደኝም የለም።

አላለቀሰችም። ለርዕሰ መምህሩ በእጇ መለሰችላቸው፤ ቃሏን በአፌ የማወጣው እንግዲህ እኔ ነኝ።

«አጥንቻለሁ። ያጠናሁት ግን መምህሩ ያሉትን አይደለም፤ እናቴ ያለችውን ነው። እናቴ አንድ ቃል ሲሰጧት አምስት ታደርገዋለች። የመምህሩ የትኛው፣ የእሷ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ሳልማረው ወደቅሽ አትበሉኝ።»

ይህን ሁሉ በገዛ አንደበቴ ራሴ ላይ ተናገርሁ። አፈርሁም፣ በልጄም ኮራሁ። ርዕሰ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ያለችው እሷ ናት፣ ወይስ አንቺ የጨመርሽበት አለ?»

«እኔ ብጨምርበት ኖሮ እናቲቱን አመሰግናት ነበር» አልኋቸው።

መጀመሪያ የሳቀው መምህሩ ነው። እንቁላል ለመጨረሻ ጊዜ የበላው ለፋሲካ መሆኑንም ያን ጊዜ አመነ። ትምህርቱን ደግሞ ሊያስረዳቸው፣ ከዚያም እንደገና ሊፈትናቸው ተስማማ። ርዕሰ መምህሩ አስተርጓሚ እንዲመጣልን በድጋሚ እንደሚጠይቁ ነገሩን፤ እሱ እስከ ዛሬ በሂደት ላይ ነው። እኔን ደግሞ ያለ አንድም ካልሆነ ክፍል እንዳትገቢ አሉኝ።

በነጋታው መምህሩ አፈር በጎርፍና በንፋስ ይሸረሸራል አለ። አፈር በጎርፍና በንፋስ ይሸረሸራል አልሁ። ጣቴ በላኝ። ዐረፍተ ነገሩ ባለቀ ቁጥር እጆቼን ብብቴ ሥር እየወሸቅሁ ክፍለ ጊዜውን ጨረስሁ። ሦስቱም ድጋሚውን ፈተና አለፉ። ልጄ የጻፈችውን አየሁት፤ «ጎርፍ። ንፋስ።» ይላል። ጨው የለውም፤ ግን ትክክል ነው። ደስ ብሎኝም ትንሽ ቅር አለኝ።

ዛሬም ጠዋት ጠዋት እየቆምሁ የተባለውን ብቻ እላለሁ። የእረፍት ደወል ሲደወል ልጄ ሁለቱን ጓደኞቿን አስከትላ እኔ የምቀመጥበት የግንብ ጥግ ትመጣለች። ደብተራቸውን ክፍል ትተውት ነው የሚመጡት። መምህሩ አለመኖሩን ዞር ብላ ታያለች። ከዚያ አንድ ጣቷን ሽቅብ ታነሣና ትጠብቀኛለች።