ሽማግሌዎቹ ያከኩበት ዕለት

በደርግ ጊዜ መተማ ላይ ሰው ሁሉ በአንድ ነገር ይስማማ ነበር፦ የሚያሳክከን የሰሊጥ ብናኝ ነው። ሰሊጥ በዓይኑ ያላየ ሰው እንኳ ቢያሳክከው ጥፋቱ የሰሊጥ ነው። እኔም ጣቶቼ መሃል ሽፍታ ወጥቶ እንቅልፍ ሲነሳኝ እናቴን «ሰሊጥ ነው» አልኳትና አመነችኝ። ከየት እንዳመጣሁት ግን በልቤ ጠርጥሬ ነበር።

በቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት እንማር ነበር። መጽሐፉ ለሁለት ሰው አንድ ሲሆን፣ ለእኔ የደረሰኝ ከወሎ የመጣ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነው። በቀኝ እጁ ይጽፋል፤ በግራው ከዴስኩ ሥር የእኔን ቀኝ ይዞ ቁጭ ይላል። እሱ በሁለት ወር ደብዳቤ መጻፍ ቻለ። እኔ በምን እጄ ልጻፍ? አብሮን የሚማረው አባቴ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ይቺ ልጅ ደነዘዘች» ይል ነበር። ከወንድ ጋር ስትስቂ ከሰማሁ ደጋ አክስትሽ ዘንድ እሰድሻለሁ እያለ ሁልጊዜ ስለሚዝትብኝ፣ መደንዘዙ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቀን ጤና ረዳት መጥቶ ስለ እከክ አስተማረን። «ሰሊጥ አይደለም» አለ፤ «በዓይን የማትታይ ተባይ ቆዳ ውስጥ ገብታ ነው። ለሰላምታ መጨባበጥ ብዙም አያስተላልፍም። አብሮ መተኛት ነው፤ ረጅም ጊዜ እጅ ለእጅ መያያዝ ነው። አንዱን ከያዘው የቤቱ ሰው በሙሉ፣ ያላሳከከውም ሳይቀር፣ በአንድ ቀን ከአንገት እስከ እግር ጥፍር መድኃኒት ይቀባ፤ ልብሱም በፈላ ውሃ ይታጠብ።» ትራክተር ነጂው ቀስ ብሎ እጄን ለቀቀኝ። አባቴ ፊደል ይከብደዋል እንጂ የሰማውን አንዲት ቃል አይጥልም፤ እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነበር። መድኃኒቱን ለመጠየቅ አፈርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ትራክተር ነጂው ሽማግሌ ላከብኝ። ዘመዶቹ ወሎ ስለነበሩ ከእርሻው ካምፕ በዕድሜ የገፉትን ሦስት ሰዎች መረጠ፤ በአንድ ራኩባ፣ በአንድ የሣር ጥላ ሥር፣ ጎን ለጎን አብረውት የሚተኙትን! ለጉዳዩ ሦስት የሚያኩ ሰዎች መላኩን ልብ አላለም።

አባቴ ወደ ጠፍር አልጋው እያሳየ «ተቀመጡ» አላቸው። ሽማግሌ ቃል ሳያገኝ አይቀመጥምና «ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ። በዚያ ሙቀት ጋቢ ደርበው ቆሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል፤ ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው…» እያሉ አንደኛው ወገባቸውን ማከክ ያዙ። ሁለተኛው በከዘራቸው ጫፍ የእጅ አንጓቸውን ይፈገፍጉ ጀመር። ሦስተኛው ጥርሳቸውን ነክሰው ትንሽ ቻሉ፤ ከዚያ ጀርባቸውን ለምሰሶው ሰጥተው ወደ ላይ ወደ ታች ይተሻሹ ጀመር። ምሰሶው ተንቋቋ።

አባቴ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ጠራኝ።

«እጅሽን አሳዪኝ። እሱን አይደለም፤ ገልብጪው። ጣትሽን ዘርጊ።»

ዘረጋሁ። የእኔን ጣት አየ፤ የሽማግሌዎቹን ጣት አየ።

«ከልጃችሁ ጋር ነው የምታድሩት?»

«አዎን ጌታዬ፣ በአንድ ራኩባ።»

«ጤና ረዳቱ ሰላምታ ብዙም አያስተላልፍም ነው ያለው፣ አይደለም?» አለኝ።

ሆድ ያባውን እከክ አወጣው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የአክስቴ ደጋ ከነብርዱ ዓይኔ ላይ መጣ፤ እሱን ዳግመኛ ላላየው ነው ብዬ ጣቶቼን መልሼ ጨበጥኩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አለ አባቴ በረጅሙ ተንፍሶ። «ከእንግዲህስ ለማን ልሰጣት ነው? ሰጥቻለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እፎይ ብለው ወደ አልጋው ጎንበስ ሲሉ አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ ከፊታቸው ቆመ።

«ልጄን ሰጠሁ እንጂ አልጋዬን አልሰጠሁም! ቅዳሜ የእናንተ ካምፕ ሰውም የእኔ ቤት ሰውም በአንድ ቀን መድኃኒት ይቀባል፤ የምትቀመጡት ከዚያ በኋላ ነው።»

ሦስቱም ቆመው መረቁን። እኔም ወደ ጓዳ ተመልሼ፣ በደስታ እያለቀስኩ፣ እስኪበቃኝ አከክሁ።